የቦልደሪንግ ጫማ ምን ይኑረው? ከደሴና ከአካባቢዋ ተደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ቋጥኝ ስንወጣ የሚያየን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መውደቅ ነው። ቀጥሎ ስለ ጫማው ይጠይቃል። "ይቺ ጠባብ ጫማ ደግሞ ለምንድን ናት?" ይላል። መውጣት የጀመሩት ልጆች ጥያቄ ግን ጠለቅ ይላል። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ አንዳንዴም ከላሊበላ ይጽፉልኛል። ቁጥሬ ስንት ይሁን? ለምን ያመኛል? ለምን ያንሸራትተኛል? ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ቆየሁና አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ተነሣሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጥሩ የቦልደሪንግ ጫማ ማለት ከእግራችሁ ቅርጽ ጋር የሚሄድ ጫማ ነው። የካምፓኒው ስም፣ ዋጋው፣ አፍንጫው መጉበጡ፣ ሻምፒዮኖቹ የሚያደርጉት መሆኑ፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ብዙ ልጆች ነገሩን ገልብጠው ይጀምሩታል። እግራቸውም ገንዘባቸውም የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ቦልደሪንግ ምንድን ነው? ለምን የራሱ ጫማ አስፈለገው?

ያለ ገመድ፣ አጭር ግን ከባድ ቋጥኝ መውጣት ነው። ከሥር ወፍራም ፍራሽ ይነጠፋል። ጓደኛ ከኋላ እጁን ዘርግቶ ይቆምና ስትወድቁ ወደ ፍራሹ ያቀናችኋል። ከፍታው ብዙውን ጊዜ ከአራት አምስት ሜትር አይበልጥም። ወሎ ውስጥ ገደል መውረድና መውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ የአምባሰል ማር ቆራጭ በገመድ ገደል ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ቦልደሪንግ ግን ዛሬ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከሌሎቹ የመውጣት ውድድሮች ጋር ተጣምሮ ገባ። በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ለብቻው ሜዳሊያ ይሰጥበታል።

ጫማውን የሚለየው እግር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በገመድ ረጅም ገደል የሚወጣ ሰው ጫማውን እንዳጠለቀ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። የኛ አንድ ሙከራ ግማሽ ደቂቃ ነው፣ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ መውደቅ፣ ማውለቅ፣ ቁጭ ብሎ ማረፍ፣ እንደገና ማጥለቅ። በአንድ ጠዋት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ልታጠልቁት ትችላላችሁ። ስለዚህ ከጫማው የምንፈልገው ሌላ ነው። ቶሎ የሚጠለቅ፣ ከሥሩ ያለውን አለት ለጣታችን የሚያሳውቅ፣ በተረከዝ ስንስብ የማይወልቅ፣ ከጣት በላይም ጎማ ያለው እንዲሆን እንፈልጋለን።

በባዶ እግር ወይም በኮንጎ ጫማ አይወጣም?

ይወጣል። እረኛ ልጆች በኮንጎ ቀላል ቋጥኝ ላይ ሲሮጡ አይቻለሁ፣ እኔ በመውጫ ጫማዬ ከምወጣው ፈጥነው። ትግራይ ገርዓልታ ውስጥ የአቡነ የማታን ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው አለቱን የሚወጣው ጫማውን አውልቆ ነው። የዚያ አገር ድንጋይ ግን አሸዋማ ነው፤ የእግር ቆዳ ይይዘዋል። የኛ የወሎ ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ የረጋ ባዛልት ነው። ጠርዙ ስለት ነው፣ ፊቱ ደግሞ ቦታ ቦታ ላይ ልሙጥ። ባዶ እግርን ይቆርጣል፣ ያዳልጣልም።

ዋናው ልዩነት የሚመጣው መርገጫው ሲጠብ ነው። መርገጫው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ ሲሆን ባዶ ጣት ሰውነትን አይችልም፣ ይታጠፋል። የመውጫ ጫማ አምስቱን ጣቶች ሰብስቦ ጉልበታቸውን ወደ አውራ ጣቱ ጫፍ ይልከዋል። ኮንጎ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ያንሸራትታል። በረባሶ የመኪና ጎማ ነው። ዕድሜው አያልቅም፣ ግን ወፍራምና ደረቅ ስለሆነ እግራችሁ ምን ላይ እንዳለ አይነግራችሁም።

የመውጫ ጫማ ጎማ ለስላሳ ነው። ጫን ስትሉት የአለቱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ይገባና ይይዛል። እዚህ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። ፈረንሳዊው ፒየር አለን ፓሪስ አጠገብ ባለው በፎንቴንብሎ ጫካ ቋጥኞች ላይ እየወጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ልሙጥ የጎማ ሶል ያለው ቀላል ጫማ ላይ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የስፔኑ ጫማ ሠሪ ቦሬያል ተጣባቂ ጎማ ያለው ጫማ ይዞ መጣና ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ አሮጌ ሆነ። አለቱ ያው ነው፣ ሰዉም ያው ነው። ጎማው ሲለወጥ የማይቻሉ የነበሩ የመውጫ መስመሮች ተቻሉ።

"ካላመመ ልኩ አይደለም" ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም። ይህ ወሬ ብዙ እግር አበላሽቷል፣ የኔንም ጭምር።

የመጀመሪያ ጫማዬን ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። የመንገድ ቁጥሬ 42 ነው። አንድ ሻጭ "ሦስት ቁጥር ቀንስ፣ ጎበዞቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት" ብሎ ስለመከረኝ 39 አዘዝኩ። ጫማው ሲደርስ ደስታዬ ሌላ ነበር። ሁለት ወር ታገልኩት። የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረና ወደቀ። ከሁሉ የከፋው ግን መውጣቴ ራሱ ተበላሸ፤ ጣቴ ስለሚያመኝ እግሬን አላምነውም፣ ስለማላምነው ሁሉን ነገር በእጄ እጎትታለሁ፣ እጄ ሲደክም እወድቃለሁ። ያንን ጫማ ለታናሽ እኅቴ ሰጠኋት። ለእርሷ ልኳ ነበር፣ በአንድ ወር ውስጥ እኔ ያልቻልኳቸውን መስመሮች ወጣችባቸው።

እስቲ ቁጥሩን በሒሳብ እንየው። በአውሮፓ ቁጥር አንድ ቁጥር ማለት 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሦስት ቁጥር መቀነስ ማለት እግራችሁን ሁለት ሳንቲ ሜትር በሚያጥር ቤት ውስጥ ማስገባት ነው። የትኛውም ጣት ይህን አይችልም።

ልክ የሆነ ጫማ እንዲህ ነው። ጣቶቻችሁ ሁሉ ጫፉን ይነካሉ። መገጣጠሚያቸው በትንሹ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ግን አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም። በጎን፣ ከላይም፣ ተረከዝ ውስጥም አየር የሚይዝ ባዶ ቦታ የለም። ጥብቅ ብሎ ይሰማችኋል፣ ልክ ጠንከር ያለ እጅ እንደጨበጣችሁ። መወጋት፣ ማቃጠል፣ መደንዘዝ ከመጣ ግን አውልቁት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያም ከሆነ ችግሩ ቁጥሩ አይደለም፣ ቅርጹ ነው። ቁጥር ብትጨምሩም እዚያው ቦታ ያማችኋል።

ለጀማሪ የምለው፦ ከመንገድ ቁጥራችሁ እኩል ወይም ግማሽ ቁጥር ያነሰ። ልምዱ ሲመጣ፣ እግር ሲጠነክር፣ አንድ ወይም አንድ ተኩል መቀነስ ይቻላል። ብዙ ጎበዝ ቋጥኝ የሚወጡ ሰዎች ከዚያ በላይ አይቀንሱም። የስኒከራችሁ ቁጥር ደግሞ ሊዋሽ ይችላል። እግራችሁን ወረቀት ላይ አቁማችሁ በእርሳስ አዙሩበትና ርዝመቱንም ወርዱንም በሴንቲ ሜትር ለኩ። ማታ ማታ ለኩ፣ ምክንያቱም እግር ቀኑን ሲውል ያብጣል። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ እኩል የሆነ ሰው ጥቂት ነው።

አፍንጫው ወደ ታች የጎበጠው ይሻላል ወይስ ጠፍጣፋው?

የምትወጡት አለት ይወስነዋል። የጎበጠው ጫማ እንደ አሞራ ጥፍር ነው። ቋጥኙ አናታችሁ ላይ ሲያንዣብብ እግራችሁ መርገጥ ብቻ ሳይሆን መሳብም አለበት። በጥፍሩ ጠርዙን ይዞ ወገባችሁን ወደ አለቱ ይስባል። ጥሩ ዲዛይነሮች ከተረከዝ ጀምሮ ሥሩን አቋርጦ ወደ ጣት የሚሄድ የተወጠረ ጎማ ያስገባሉ። ጉብጠቱ ከወር በኋላ እንዳይረግብ የሚያደርገው እሱ ነው። የጣሊያኑ ጫማ ሠሪ ላ ስፖርቲቫ የራሱን ፒ3 ይለዋል፤ ሌሎችም የየራሳቸው አላቸው።

አለቱ ጋደል ያለ ወይም ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ጠፍጣፋው ይሻላል። ጋደል ያለ አለት ላይ መርገጫ የለም፣ ጎማውን መለጠፍ ነው ያለው። ለመለጠፍ ሰፊ ጎማ አለቱን መንካት አለበት፣ የጎበጠው ደግሞ በጫፉ ብቻ ይነካል። እኛ ደሴ አካባቢ የምንወጣው በብዛት ቀጥ ያለ ወይም ጋደል ያለ ነው። ቪዲዮ ላይ አይቶ ጉብጥ ጫማ የሚገዛ ልጅ ጦሳ ሥር መጥቶ ለምን እንደሚያንሸራትተው ግራ ይገባዋል። አብሽር፣ ችግሩ አንተ ጋ አይደለም፣ ጫማህ ለሌላ አለት የተሠራ ነው።

መሀል ላይ በትንሹ የጎበጠ የሚባል አለ። ሁለተኛ ጫማ ለሚገዛ ሰው እሱን እመክራለሁ።

ለስላሳ ይሁን ጠንካራ?

ይህን ጥያቄ ከክብደታችሁ ለይታችሁ አትመልሱት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። በሶሉና በእግራችሁ መሀል ሚድሶል የሚባል ጠንከር ያለ ሽፋን አለ። ጫማውን ግትር ወይም ተለማጭ የሚያደርገው በዋናነት እሱ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጣም ለስላሳ ጫማ አድርጎ ቀጭን ጠርዝ ላይ ሲቆም ጫማው ይታጠፍበታል፤ ሸክሙ ሁሉ ጣቱ ላይ ይወድቃል። 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ደግሞ ግትሩን ጫማ ማጠፍ አቅቷት እንደ ጣውላ ይሆንባታል። አንድ ዓይነት ጫማ አድርገው አንዱ ሲያመሰግን ሌላው የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው።

የውድድር ግድግዳ ላይ ያሉት ትልልቅና ልሙጥ ቅርጾች በመሆናቸው፣ ሩጫና ዝላይም ስላለበት፣ የዘመኑ ፋሽን ወደ ለስላሳ አድልቷል። ባዛልት ላይ ግን ቀጭን ስለታም ጠርዝ ብዙ ነው። ትንሽ ግትርነት ይጠቅማል፣ በተለይ የጣት ጉልበቱ ገና ላልጠነከረ ጀማሪ።

እግሬ ከፊት ሰፊ ነው። ሁሉም ጫማ ጎኑን ይበላኛል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ የሚጠይቁኝ በገጠር ያደጉ ልጆች ናቸው፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ ያደገ እግር ጣቶቹ የተዘረጉ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ጠንካራ እግር ነው። ለመውጣት ይህ ሀብት ነው። ጫማ ሠሪዎች ፎርማ የሚሉት የእግር ቅርጽ ግን በአብዛኛው የተቀረጸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጠባብ ጫማ ውስጥ የኖረን እግር እያዩ ነው። ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ነገር የለም። ስፖርቱ በእግር ጣት የሚሠራ ሆኖ ሳለ ጣቱ የዳበረው ሰው ጫማ ያጣል።

የምትፈልጉት ቃል ወርድ ነው፣ ቁጥር አይደለም። አንዳንድ ካምፓኒዎች አንዱን ሞዴል በሰፊና በጠባብ ፎርማ ያወጣሉ። ቁጥር ጨምሮ ስፋት ማግኘት ይቻላል ብላችሁ አትታለሉ፤ ጎኑ ሲመቻችሁ ጫፉ ባዶ ይሆናል፣ ተረከዙም ይላላል። ውስጡ ገበር የሌለው ቆዳ ጫማ ከሆነ ወደ ጎን ይለጠጥላችኋል። ሌላው የሚታየው የጫፉ ቅርጽ ነው። አውራ ጣታችሁ ረጅሙ ከሆነ ወደ አውራ ጣት የሾለው ይስማማችኋል። ሁለተኛው ጣት ከበለጠ ወይም ሁሉም እኩል ከሆኑ ጫፉ ክብ ያለውን ፈልጉ።

ተረከዙ ለምን ይወልቅብኛል?

በተረከዝ መሳብ ቦልደሪንግ ውስጥ ሁልጊዜ አለ። ተረከዛችሁን ከጭንቅላታችሁ እኩል ቋጥኝ ላይ ታነሡና እንደ ሦስተኛ እጅ ትስቡበታላችሁ። ያኔ ተረከዙ ውስጥ ትንሽ ባዶ ቦታ ካለ ጫማው ይሽከረከራል ወይም እዚያው ይቀራል። ማሰሪያ ማጥበቅ አያድነውም፣ ምክንያቱም ተረከዙ በጎማ የተቀረጸ ቅርጽ ነው። ወይ ይስማማል ወይ አይስማማም። ስትሞክሩት ተረከዙን ከውጭ በሁለት ጣት ጫን በሉት። ጎድጎድ ብሎ ገብቶ "ፍስ" የሚል አየር ካወጣ ተዉት፣ ሌላ ሞዴል ፈልጉ።

ከጣት በላይ ያለው ጎማም እንደዚሁ ነው። በእግራችሁ ጀርባ ጠርዝ ይዛችሁ ስትስቡ ያለ እሱ ቆዳችሁ ብቻ ይቀራል። ሰፋ ያለና ቀጭን ቢሆን ይመረጣል፣ ወፍራም ከሆነ ጣት መታጠፍ ያቅተዋል።

ጎማው የትኛው ይሻላል? ውፍረቱስ?

ስማቸውን ትሰማላችሁ። የጣሊያኑ ቪብራም ኤክስ ኤስ ግሪፕ 2 እና ኤክስ ኤስ ኤጅ አለው፤ የመጀመሪያው ለስለስ ብሎ ይጣበቃል፣ ሁለተኛው ጠጠር ብሎ ጠርዝ ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1985 ቻርልስ ኮል ያቋቋመው የአሜሪካው ፋይቭ ቴን ደግሞ ስቴልዝ የሚባል ጎማ አለው፤ ካምፓኒው በ2011 የአዲዳስ ሆኗል። ቪብራም የሚለው ስም ከመሥራቹ ከቪታሌ ብራማኒ የመጣ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ጓደኞቹን ተራራ ላይ ካጣ በኋላ ነው የተሻለ የጎማ ሶል ፍለጋ የገባው። የጫማ ሶል የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኑ አለቱን በደንብ ያሳውቃል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ባዛልት ጎማ ይበላል። እዚህ ጫማ ማግኘት ከባድ ስለሆነ እኔ ለወሎ ልጅ 4 ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ነው የምለው።

እውነቱን ለመናገር ጀማሪ ሲያንሸራትተው ጥፋቱ የጎማው ዓይነት የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ጎማው አቧራ ይዟል። ወደ ቋጥኙ ከመውጣታችሁ በፊት ሶሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉትና በእጃችሁ መዳፍ አድርቁት። ጫማውን አጥልቃችሁ ሣርና ጭቃ ላይ አትሂዱ፣ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላችሁ አጥልቁ።

ክር፣ ቬልክሮ ወይስ እንዲሁ የሚጠለቅ?

ለቦልደሪንግ ቬልክሮ። ክር እግርን በደንብ ያስተካክላል፣ ግን ሠላሳ ጊዜ ማሰር ማን ይችላል። እንዲሁ የሚጠለቀው ይፈጥናል፣ ሲለጠጥ ግን የሚያጠብቀው ነገር የለውም።

ቆዳ ይሻላል ወይስ ሰው ሠራሽ?

ውስጡ ገበር የሌለው ቆዳ እስከ አንድ ሙሉ ቁጥር ድረስ ሊለጠጥ ይችላል። ስለዚህ ሲገዛ ጠበቅ ማለት አለበት። ሰው ሠራሹ እምብዛም አይለጠጥም፤ በመጀመሪያው ቀን ያመማችሁ ከወር በኋላም ያማችኋል። ቆዳው ላብ ይጠጣል፣ ሽታውም ያንሳል። ሰው ሠራሹ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ሽታው ግን ቤት ያስለቅቃል። ጫማችሁን ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ አታሳድሩት፤ ክፍት ቦታ፣ ጥላ ውስጥ ይንፈስበት። በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና በእጅ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ግን አይሰጣም። ሚኒባስ ዳሽቦርድ ላይ ረስታችሁት ኮምቦልቻ ከወረዳችሁማ ሙቀቱ ማስቲሹን ያላቅቀዋል።

የሴት የሚባለው ልዩ ነው?

ፎርማው ጠባብና ዝቅ ያለ ነው፣ ያ ነው ልዩነቱ። እግሯ ሰፊ የሆነ ሴት "የወንድ" የሚባለውን ታድርግ፣ እግሩ ቀጭን የሆነ ወንድ "የሴት" የሚባለውን። ቀለሙን እርሱት።

ለልጆችስ?

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በማደግ ላይ ያለ እግር አጥንቱ ገና አልጠናም፤ ጠባብ ጫማ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ እየገፋ ቅርጹን ሊያበላሽ ይችላል። የልጅ ጫማ ጠፍጣፋ፣ ለስላሳ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው የሚያርፉበት መሆን አለበት። "ያድግበታል" ብሎ በጣም ትልቅ መግዛትም አይሆንም፣ እግሩ ውስጡ እየተንሸራተተ ይወድቃል። የታላቅ ወንድም አሮጌ ጫማ ልኩ ከሆነ ምንም አይልም። ልኩ ካልሆነ ጫማ ሳያደርግ ይጫወት፣ በኋላ ይደርሳል።

በክረምትና በብርድ ጫማው ለምን ይለወጥብኛል?

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ጠዋት ያለው ብርድ ለጎማ መልካም ነው። ጎማ ሲሞቅ ይለሰልስና ጠርዝ ላይ ይንሸራተታል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይጠነክርና ይቆማል። እጅም አያልበውም። ኮምቦልቻ ያላችሁ እኩለ ቀን ላይ ያልቻላችሁትን መስመር ጎሕ ሲቀድ ሞክሩት። ብርዱ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ጎማው ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። ያኔ ጫማውን ጃኬታችሁ ውስጥ ደረታችሁ ላይ አሙቁት። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጉም አለቱ ላይ ሲተኛ የትኛውም ጎማ አይይዝም። ቡና አፍልቶ ጨዋታ ይሻላል።

ሰልባጅ ተራ ባገኝ ልግዛ?

አዎ፣ አይታችሁ። ሰኞ ገበያ የልብስና የጫማ ክምር ውስጥ አልፎ አልፎ ይገኛል፣ ሻጩም ምን እንደሆነ ስለማያውቀው ዋጋው ቀላል ነው። ጫፉን እዩ። የሶሉ ጠርዝ ክብ ከሆነ ይታደሳል። ከሶሉ በላይ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭኑ ጎማ ከተበሳ ግን ጥገናው ከባድ ነው። ጎማውን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ተዉት። ውስጡን ደግሞ በእጃችሁ ዳብሱ። የሌላ ሰው ጣት የሠራው ጉድጓድ የናንተ ጣት ላይ ላይገጥም ይችላል።

ሶሉ ሲያልቅ እዚህ ይታደሳል?

ይታደሳል፣ ግን ሰዓቱ ሳያልፍ። ከጫፉ ላይ ጎማው ሲሳሳ፣ ቀጭኑ የጎን ጎማ ሳይነካ በፊት ውሰዱት። ከዚያ ካለፈ ሥራው እጥፍ ነው።

የደሴ ጫማ ሠሪዎች እጃቸው ጥሩ ነው። የሚጎድላቸው ጎማው ብቻ ነው። የመኪና ጎማ ወይም የተራ ጫማ ሶል አታስለጥፉ፣ ጫማው ያልቅለታል። የመውጫ ጎማ በቁራጭ ስለሚሸጥ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ከጫማ ይልቅ እሱን አስመጡ፤ ቀላልም ነው፣ ከአንድ ቁራጭ ብዙ ጥንድ ይወጣል።

አንድ ጋሼ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሦስት ጫማ ሲሠሩልኝ አይቻለሁ። መጀመሪያ አሮጌውን ሶል በሙቀት አለስልሰው ቀስ ብለው ላጡት፣ ከፊት ግማሹን ብቻ። ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፈተጉ። ማስቲሹን ሁለቱም ላይ ስስ አድርገው ቀቡና ጠበቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እርጥቡን ይለጥፋል። እሳቸው በጣት ሲነካ የማይዝ እስኪሆን ጠብቀው፣ እንደገና አሙቀው፣ በአንድ ጊዜ ገጥመው በመዶሻ ከመሀል ወደ ጠርዝ ደበደቡት። ውስጡ የእንጨት ፎርማ ነበረ፣ አለዚያ ጉብጠቱ ይጠፋል። በመጨረሻ ጠርዙን በሞረድ ስለት አስመሰሉት። የመጀመሪያው ጫማ ሁለት ወር ቆየ፣ ሦስተኛው ጫማ ግን ዓመት ሊሞላው ነው።

ለዲዛይነሮቹ አንድ ነገር በላቸው ብትባል ምን ትላለህ?

አንድ አይበቃኝም። ሰፊ ፎርማ ጨምሩ። ቁጥራችሁ ከካምፓኒ ካምፓኒ አይለዋወጥብን፤ ከደሴ ሆኖ ጫማ የሚያስመጣ ሰው መልሶ መቀየር አይችልም፣ ስለዚህ የፎርማውን ርዝመትና ወርድ በሚሊ ሜትር ሣጥኑ ላይ ጻፉልን። የጎን ጎማውን ጫፉ ላይ ትንሽ አወፍሩት፣ ሶሉ አልቆ አንድ ሳምንት ብንዘገይ ጫማው እንዳይሞት። ሶሉ እንዲቀየር ተደርጎ ይሠራ፣ ቁራጭ ጎማውንም ከጫማው ጋር ሽጡልን።

ደግሞ ግራና ቀኙን ለየብቻ ሽጡ። የኔ ግራ እግር ከቀኙ ግማሽ ቁጥር ይበልጣል። ከኛ መሀል ደግሞ ግራው 40 ቀኙ 41 የሆነ ልጅ አለ፤ ሁለት ጥንድ የሚገዛበት አቅም ስለሌለው 41 አድርጎ ግራው ተረከዝ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ ይከትበታል። በግራ ተረከዙ የሚሳብ መስመር ሲመጣ ሁልጊዜ እሱ ነው ቀድሞ የሚወድቀው።